የመጨረሻው ምዕራፍ እስኪያልቅ

ቱርፋን ያወቅኋት ከላያችን ትኖር ስለነበር ነው። በግብጽ፣ በፉስጣጥ፣ በግንቡ ውስጥ ባለው የአይሁድ ሰፈራችን፣ አንድ ቤት ለብዙ አባወራ ይበቃል። እኔና ባሌ ያፌት ታች ነበርን። እሱ የተልባ እግር አስበጥሮ ይሸጣል፤ ግቢያችን ከዚያ በሚነሣው ብናኝ ሁልጊዜ እንደ ወፍጮ ቤት ነጭ ነው። ላይ፣ ወደ አባይ የሚያይ መስኮት ባለው ፎቅ፣ ረቢ ሺላና አንዲት ልጃቸው ቱርፋ ይኖሩ ነበር። እኔና እሷ እኩዮች ነን። ሙሽራ ሆኜ እዚያ ቤት ስገባ መጀመሪያ መጥታ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

«ሙና፣ ጣሪያሽ ላይ ከጥግ ጥግ ሲመላለስ የሚውል እግር ብትሰሚ አትደንግጪ» አለችኝ። «አባቴ እያሰበ ነው።»

ረቢ ሺላን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ከምዕራብ አገር ከቃይሩዋን መጥተው እዚሁ አደጉ፤ ጎልማሳ ሲሆኑ ከዳኞቻችን ጋር ተቀመጡ። ጠዋት ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲያፋቱ ይውሉና ከሰዓት በኋላ ይጽፋሉ። ስለ ነፍስ የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ አለ። በጾም ቀን የምናዜማቸው ግጥሞችም አሏቸው፤ እኔ ከሁሉ እነሱን እወዳለሁ። ስማቸውን ያስጠራው ግን በኮከብ ቆጣሪዎች ላይ የጻፉት ነው። የሰው ዕጣ በሰማይ አልተጻፈም፣ ሰው የሚሄድበትን ራሱ ይመርጣል አሉ። የገበያው ኮከብ ቆጣሪዎች ተቆጥተው ስንት ጊዜ ሰላምታ ነሷቸው። የገዛ እህታቸው እትዬ ጀውሀራ ግን መሸፋፈኛዋን ግጥም አድርጋ ኮከብ ታስቆጥር ነበር። ወንድሟ ይህን አያውቁም፤ ወይም አውቀው ዝም ብለዋል።

ሚስታቸው ቱርፋን ወልዳ ብዙም አልቆየች። ረቢ ሌላ አላገቡም። ልጅቱን ፊደል ያስቆጠሯትም ሌላ የሚያጫውቱበት ነገር ስላልነበራቸው ነው። በእኛ በዕብራይስጡ ፊደል የተጻፈውን ዓረብኛ ስታነብ ወንዶቹ ያፍሩ ነበር፤ እሷ ግን አትኮራበትም። ሳቂታ ነች፤ ሳቋም ግቢ ድረስ ይሰማል።

ትልቁን መጽሐፋቸውን ሲጀምሩ ዓይናቸው ደህና ነበር። የፈቃድ መጽሐፍ አሉት። እግዚአብሔር ለሰው ፈቃድ እንደሰጠ፣ ይህንንም ፈቃድ ኮከብም ንጉሥም ሊወስድበት እንደማይችል የሚያስረዳ ነው። ገና ወደ መሐሉ ሳይደርሱ የዓይን ሞራ ጋረዳቸው። ከካይሮ የመጣ ሐኪም የአንዱን ዓይን ሞራ በመርፌ ሊገፋ ሞከረ፤ ዓይኑ መግሎ ፈሰሰ። «ሁለተኛውን የሰጠኝ ራሱ ይዝጋው» ብለው አላስነካም አሉ።

ያን ጊዜ ነው ቱርፋ ብዕሩን ያነሣችው። ማንም አላዘዛትም። ምሳ አቅርባ፣ ሳህን አጥባ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። እሳቸው በእጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ይመላለሳሉ። በራችን ክፍት ከሆነ ሁሉም ይሰማል።

«ጻፊ። ሰው በሁለት መንገድ መካከል በቆመ ጊዜ…»

«ይሄንን ትናንት ብለውታል፣ አባዬ።»

«ትናንት ያልኩት ለሌላ ጉዳይ ነው።»

«ለዚሁ ጉዳይ ነው። ላንብብልዎ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጸሐፊ ነሽ ወይስ ዳኛ?»

«ዳኛማ ብሆን ይሄኔ አሰናብቼዎት ነበር።»

እሳቸውም ይስቃሉ። ያ ቤት ደስ ይል ነበር። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ አባትየውን እንዳትጠሏቸው ነው።

ዛካይ የመጣው በጸደይ ነው። የማህዲያ፣ የምዕራቡ ወደብ ሰው፤ በዘይትና በሳሙና የሚነግድ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጢሙ ቀላ ያለ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ። ባሕር ላይ ማዕበል መትቶት «ከዳንኩ ወይን የሚባል አልቀምስም» ብሎ ተስሏል። አሁን ፋሲካ ደረሰ፤ በፋሲካ ደግሞ ወይን መጠጣት ግድ ነው። እናም ጨንቆት ረቢ ሺላ ዘንድ ወጣ። በኋላ ቱርፋ ስትነግረኝ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ስቀናል።

«ስትሳል ማን አስገደደህ?» አሉት ረቢ።

«ባሕሩ፣ ጌታዬ።»

«ባሕሩ ተሳል አለህ?»

«እንዴታ! እንዴት ብሎ እንደጮኸብኝ እርስዎ ቢሰሙ ኖሮ፣ ወይኑ ይቅርና ውሃውንም ይተዉ ነበር።»

ቱርፋ ከመጋረጃው ኋላ ሳቀች። ሰውየው አንገቱን ሰገግ አድርጎ «የሚስቀው ማን ነው?» አለ።

«ጸሐፊዬ ናት» አሉ ረቢ።

«እንግዲያስ ፍርዱን እሷ ትጻፍልኝ። የረቢ ፊት ጨክኗል።»

ስለቱ ተፈታለት። እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን ስለ ዘይት ንጽሕና ይጠይቃል፣ ሌላ ቀን ስለ ሰንበት። ያፌት «ይሄ ሰው የሕግ ጥያቄ ከየት ነው የሚያመጣው? ያለንን ሕግ እኮ ሊጨርሰው ነው» ይል ነበር። በመጨረሻ እትዬ ጀውሀራን አግኝቶ ጉዳዩን በግልጥ ተናገረ። እሷም ለደስታዋ ልክ አጥታ፣ ከኮከብ ቆጣሪው የሠርግ ቀን አስቆርጣ መጣችና ግቢያችን ውስጥ አቅፋ ሳመችኝ፤ ሙሽራዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ቱርፋ ዛካይን ወደደችው። ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። እሱ ሲመጣ ደረጃው ላይ እግሩን ከሁሉ በፊት የምትለየው እሷ ነች፤ ፀጉሯን ለማስተካከል እንኳ ጊዜ አይበቃትም። ረቢም እሺ አሉ። ነገር ግን ማህዲያ ሩቅ ነው፤ ባሕር አለ። ቱርፋ አንድ ነገር ብቻ ለመነች።

«አንድ ምዕራፍ ነው የቀረው። የመጨረሻው። እሱ ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

«መቼ ያልቃል?» አላት ዛካይ።

«በዚህ በጋ።»

ምዕራፉ ከባዱ ነበር። እግዚአብሔር ሰው ነገ የሚያደርገውን ዛሬ ካወቀ፣ ሰው እንዴት መረጠ ይባላል? ሌላው ምዕራፍ ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ ነው የሚያመጣው። በዚያ በጋ አባትና ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ሠሩ። የሙቀቱ ነገር አይወራም፤ የተልባው አቧራ አንገታችን ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ከላይ ግን የረቢ ኮቴ አያርፍም። አንድ ቀን ኮቴው ቆመ። አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ማግስቱን ቱርፋ የተቀዳደደ ወረቀት በልብሷ ጫፍ ይዛ ወረደች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምዕራፉ ነው። አባቴ ስሕተት አገኘበት።»

መርከቦቹ ሊነሡ ስለነበር ዛካይ ብቻውን ሄደ። በቀጣዩ የመርከብ ወራት ተመልሶ መጣ፤ ለእሷ የዛጎል ሐብል፣ ለአባትየው የቃይሩዋን በለስ ይዞ። ምዕራፉ አላለቀም ነበር። ከደረጃው ሥር ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«መጽሐፍ ነው ወይስ አባይ?» አላት። «ማለቂያ የለውም እንዴ?»

«ትንሽ ነው የቀረው፣ ዛካይ።»

«አምናም ትንሽ ነበር። አባትሽ እንዲያልቅ አይፈልጉም።»

«አባቴን እንዲህ አትበል!»

«ክፉ ሰው ናቸው አላልኩም። ፈርተዋል ነው ያልኩት። ፍርሃትን እኔ አውቀዋለሁ፤ ባሕር ላይ ወይን አልቀምስም አሰኝቶኛል።» ቱርፋ ግን አልሳቀችም፤ እሱ ቀጠለ። «ጸሐፊ እኔ እቀጥርላቸዋለሁ። እህታቸው አለች። ያፌትና ሙና አሉ። ነይ እንሂድ።»

«የሚቀጥለው ዓመት» አለችው።

ዛካይ «እሺ» ብሎ ወጣ። እሺ ሲል የሰማሁት ድምፅ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም።

የሚቀጥለው ዓመት አልመጣም። ወሬውን የሰማሁት ገላ መታጠቢያ ቤት ነው። የአንድ ነጋዴ ሚስት ራሷን እያሸች፣ የማህዲያው ዛካይ የአጎቱን ልጅ አገባ፣ ሠርጉ ላይ ባሌ ነበረ ብላ ለጎረቤቷ ታወራለች። ቱርፋ ከእኔ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ሳሙና ቀብታለች። ሰምታ ይሁን ሳትሰማ አላወቅሁም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ቱርፋ…» ስላት፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣

«ውሃውን አፍስሺልኝ፤ ሳሙናው ዓይኔ ገባ» አለችኝ።

አፈሰስኩላት። «ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ውሃው ቀዘቀዘ፤ እሷ አልተነሣችም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት እንዲያው አለፉ። እኔ ወለድኩ፣ ያፌት ሸበተ። ቱርፋ መጻፏን አልተወችም፤ የሰፈሩን ልጃገረዶችም ፊደል ታስቆጥር ጀመር። ሳቋን ግን ከላይ መስማት ተውን። ምዕራፉ ይጻፋል፣ ይቀደዳል። የአሌክሳንድርያ ሊቃውንት መጽሐፉ የት ደረሰ እያሉ ይልኩባቸዋል። እሳቸው «ጥቂት ቀረኝ» ይላሉ።

አንድ የዳስ በዓል ሰገነቱ ላይ ዳስ ሠርተው ነበር። በሽንብራ የሠራሁትን ዓሣ ይዤ ወጣሁ። ረቢ እግሬን ሰምተው «ሙና ናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ረቢ።»

«ተቀመጪ፣ ልጄ። ምስክር ያስፈልገኛል።»

ተቀመጥኩ። ቱርፋ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። እሳቸው ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ፤ ትንሽ ስተዋል፣ ዳሱን ነው የሚያዩት።

«ቱርፋ፣ የማህዲያው ሰው መጀመሪያ በመጣበት በጋ ምዕራፉ አልቆ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

ረቢ እንደዚህ ያለ መልስ አልጠበቁም።

«ታውቂያለሽ?»

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ፣ አባዬ። ያለቀ ነገር ያስታውቃል። ስሕተት አልነበረበትም።»

«ታዲያ ቅደጂው ስልሽ ለምን ቀደድሽው?»

ዳቦውን አስቀመጠች። «አዘንኩልዎ። እጅዎ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞ እኔም ባሕሩን ፈራሁ፣ የሰው አገር ፈራሁ። የትኛው እንደበለጠብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ሽማግሌው አለቀሱ። ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ከማያይ ዓይን እንባ ሲወርድ ግን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ሰው ነፃ ነው እያልኩ ስጽፍ ልጄን አስሬ ያዝኩ» አሉ። «በደሉ የኔ ነው። ሙና፣ አንቺ መስክሪ። የኔ ብቻ ነው።»

«አይሆንም» አለች ቱርፋ። ድምፅዋ ከረረ። «ለምነውኛል እንጂ አላሰሩኝም። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰውየው ከደረጃው ሥር ቆሞ ነይ ብሎኛል፣ ሙናም ሰምታለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ብቻዎን ከወሰዱት ለኔ ምን ይተርፈኛል? ያን ሁሉ ዓመት የጻፍኩትስ ውሸት ነው ማለት ነው?»

«ይቆጭሻል?»

«በየቀኑ» አለቻቸው። ከዚያ ዓሣውን አቀረበችላቸውና እሾሁን እየለቀመች አበላቻቸው።

ከበዓሉ ማግስት ምዕራፉን አስጻፏት፤ ሳይንቀጠቀጡ፣ ሳይመላለሱ፣ ተቀምጠው። ከመደምደሚያው በፊት ግን አንድ ነገር ጨመሩ። ይህን መጽሐፍ በእጇ የጻፈችው ልጄ ቱርፋ ናት፤ ለእኔ ስትል የራሷን ሕይወት ተወች የሚል። እሷ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ ቆየችና «ጽፌዋለሁ» አለቻቸው። አልጻፈችውም። ረቢ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ፣ ኤቭያታር የሚባል የአሌክሳንድርያ ሰው፣ መጽሐፉን ሊወስድ መጣ። ሰው ወዳድ፣ ትሑት ልጅ ነው። ገጾቹን ሲያገላብጥ ጽሕፈቱን አደነቀ።

«እንዴት ያለ እጅ ነው! ማን ነው የጻፈላቸው?»

«የቤት ሰው ነው» አለችው።

እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ክንዷን ቆነጠጥኳት። እሱ ሲወጣ ተቆጣኋት።

«ምነው ስምሽን ብትነግሪው? አባትሽ አስገቢ አላሉም?»

«ያስገቡኝ በጸጸት ነው፣ ሙና። አሳዛኟ ልጅ ተብዬ በየአገሩ እንድነበብ አልፈልግም።»

መጽሐፉ በብዙ እጅ ተገለበጠ። ፓሌርሞ ደርሷል፣ ዓደን ደርሷል ይባላል። ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ መንገደኛ በምኩራባችን ቆሞ ከእሱ ሲያነብ ቱርፋ ከሴቶቹ ሰገነት ሆና ሰማች። ወደ ቤት ስንመለስ «ያቺን ቃል መተዌ ልክ አልነበረም» አለችኝ። «አሳዛኝም ብሆን እኔ ነበርኩ እኮ። አሁን የለሁም።» ያቺን ቃል አሁን ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት። «በየትኛው ላይ? በዓለም ተበትኗል» አለችና ፈገግ አለች።

ከዚያ የማህዲያ ወሬ መጣ። ከምዕራብ የተነሣው ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ለወገኖቻችን ሃይማኖታችሁን ለውጡ ወይም ከአገር ውጡ ተባለ። የሞተው ሞተ፣ የለወጠው ለወጠ፣ የቻለው በመርከብ ሸሸ። ሰፈራችን ወሬውን ሰምቶ ሲያለቅስ ሴቶቹ ወደ ቱርፋ ዞሩ። እትዬ ጀውሀራ በጣም አርጅታ ነበር፤ የቱርፋን ሁለት እጆች ይዛ «አየሽ ልጄ? አየሽ እግዚአብሔር እንዴት እንዳዳነሽ? ሄደሽ ቢሆን ኖሮስ!» አለቻት።

«አልዳንኩም፣ አክስቴ» አለቻት ቱርፋ። «አልሄድኩም እንጂ።»

ስደተኞቹ መድረስ ሲጀምሩ በምኩራቡ ግቢ ዳቦ ይታደል ነበር። ቱርፋ ለማደል ሄደች፤ እኔም አብሬያት። ለእያንዳንዱ ዳቦ ስትሰጥ ከየት ነህ፣ ከየት ነሽ ትላለች። ለምን እንደምትጠይቅ እኔ ብቻ አውቃለሁ። አንድ ቀን ሚላህ የምትባል የማህዲያ ሳሙና ሻጭ አገኘች።

«ዛካይ የሚባል የዘይት ነጋዴ ታውቂ ነበር?» አለቻት። «ጢሙ ቀላ ያለ።»

«ዛካይ! ማን የማያውቀው አለ፣ እሜቴ? እሱ እንኳ ዕድለኛ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሳይመጣ በአልጋው ላይ ሞተ። ወፍሮ፣ ወፍሮ፣ በር አይበቃውም ነበር። ቀልዱስ! ለቀስተኛውን ሁሉ ያስቀው ነበር። ዘመድሽ ነው?»

«አይ። አባቴ ዘንድ ለሕግ ጥያቄ ይመጣ ነበር። ሚስቱ… ደግ ነበረች?»

«ደግ ነበረች። በረባ ባልረባው ይጨቃጨቁና ወዲያው ይስቃሉ። ሴት ልጆቻቸውም እኛ ከመውጣታችን በፊት ወደ ሲሲሊ ተሻግረዋል።»

ቱርፋ ሁለተኛ ዳቦ ጨመረችላትና አመሰገነቻት። የቀረውንም አድለን ጨረስን።

ስንመለስ በተልባ ገበያው ስናልፍ «ትንሽ እንረፍ» አለችኝ። አንድ የታሰረ የተልባ ነዶ ላይ ተቀመጠች። ዙሪያችን ሰው ይጮኻል፣ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» ይላሉ፣ አህዮች ይገፉናል። በዚያ መሐል ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። ያን ሁሉ ዘመን ከላያችን ስትኖር እንዲህ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ውሃ የሚያዞር አንድ ሽማግሌ እስላም አየንና ጣሳውን ሞልቶ ሰጣት።

«ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?» አላት።

እኔ ልመልስለት ስል ቱርፋ ቀደመችኝ። «የማውቀው ሰው» አለችው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን» አለችው። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችና ጣሳውን መለሰችለት።